ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩ

ሰው አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲገባ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው። መተንፈሻ ማሽን አለ ወይ? ኦክስጅን አያልቅም? መብራት ቢጠፋስ? ይጠይቁ፣ መብታቸው ነው። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ በነርስነት በቆየሁ ቁጥር የሚያስፈራኝ ነገር ሌላ እየሆነ መጣ። ማሽን ሲበላሽ ይጮኻል። አላርሙን የሰማ ሁሉ ሮጦ ይደርሳል። በእጃችን ይዘነው የምንገባው ጀርም ግን ድምፅ የለውም። በመኪና አደጋ የመጣ ልጅ፣ ደሙ ቆሞለት፣ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት፣ ቤተሰቡ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ከጀመረ በኋላ ድንገት ትኩሳት ይነሳበታል፤ የደም ግፊቱ መውረድ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የምንታገለው ይዞት ከመጣው ጉዳት ጋር ሳይሆን እኛ ዘንድ ካገኘው ኢንፌክሽን ጋር ይሆናል።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ብዙውን መከላከል ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች ውስጥ በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይይዛቸዋል። ከተያዙት 10 ሰዎች አንዱ ይሞታል። ይሄ የጠቅላላ ሆስፒታሉ ቁጥር ነው። አይሲዩ ውስጥ ይብሳል። ለምን እንደሚብስ ለማወቅ ደግሞ አልጋው አጠገብ ትንሽ መቆም ይበቃል።

ሰውነታችን ራሱን የሚጠብቅበት ብዙ መንገድ አለው። ቆዳ አለ። ሳል አለ። ሽንት እንኳ ሲወርድ መንገዱን እያጠበ ነው። አይሲዩ ውስጥ ይህን ሁሉ በቱቦ እናልፈዋለን። በአንገት ወይም በደረት በኩል ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ሴንትራል ላይን ጫፉ ልብ አጠገብ ይደርሳል። የመተንፈሻ ቱቦው በአፍ ገብቶ ጉሮሮን አልፎ ይቀመጣል፤ ታማሚው እንደ ልቡ ማሳልም መዋጥም ስለማይችል አፉ ውስጥ የሚጠራቀመው ምራቅ በቱቦው ዙሪያ እየተንጠባጠበ ወደ ሳንባው ይወርዳል። የሽንት ቱቦውም አለ። ባክቴሪያ እነዚህ ፕላስቲኮች ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርቶ እሱ ውስጥ ይደበቃል፣ እዚያ ከገባ በኋላ መድኃኒቱ እንደሚፈለገው አያገኘውም። ብዙ ጊዜ ቱቦው ካልወጣ ትኩሳቱ አልለቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ቱቦዎቹን መተው ደግሞ አይቻልም። ሕይወት የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ዋናው ጉዳይ እንዴት እንደሚገቡ፣ ማን በምን እጅ እንደሚነካቸው፣ መቼ እንደሚወጡ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልጠፋው አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሆነው ነው። ፒተር ፕሮኖቮስት የሚባል የአይሲዩ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሴንትራል ላይን ሲገባ መደረግ ያለባቸውን ነገሮች ከረጅሙ መመሪያ ውስጥ መርጠው አምስት ላይ አቆሟቸው። እጅ መታጠብ። ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በሚባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ማጽዳት። ታማሚውን በሰፊ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ላይኑን የሚያስገባውም ኮፍያ፣ ማስክ፣ ጋዎንና ጓንት ማድረግ። ከተቻለ በብሽሽት በኩል አለማስገባት። ሥራውን የጨረሰ ላይን ካለ ወዲያው ማውጣት። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ እነዚህን የማያውቅ ሐኪም አልነበረም። ነርሶቹ ዝም ብለው እንዲያዩና እንዲመዘግቡ ሲደረግ ግን፣ ከሦስት ታማሚዎች ቢያንስ በአንዱ ላይ አንዱ ነገር ይዘለል ነበር። ዓለም ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ሆስፒታል ነው እንግዲህ!

ከዚያ ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል። አንደኛ፣ ዕቃው በየመደርደሪያው ተበትኖ ነበርና ሰው አንዱን ሲያጣ ያለሱ ይቀጥል ነበር፤ ሁሉንም አንድ የሚገፋ ጋሪ ላይ ሰበሰቡት። ሁለተኛው ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሐኪሙ አንድ ነገር ከዘለለ ነርሷ ሥራውን እንድታስቆም ሥልጣን ተሰጣት። ልመና ወይም አስተያየት አልነበረም። የሆስፒታሉ አመራር ከኋላዋ ቆሞ «አስቁሚ» አላት። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ላይ በዚያ አይሲዩ በ1,000 የላይን ቀን 11.3 የነበረው የደም ኢንፌክሽን እ.ኤ.አ. በ2002 የመጨረሻ ሦስት ወር ዜሮ ሆነ። (የላይን ቀን ማለት አንድ ታማሚ ላይኑ ሰውነቱ ውስጥ ሆኖ የዋለበት አንድ ቀን ነው።)

በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ሳስብ ሁሌ ሆዴ ይባባል። ጆሲ ኪንግ የምትባል የ18 ወር ሕፃን ሙቅ ውሃ አቃጥሏት ገባች። ቃጠሎው እየዳነላት ነበር። ከዚያ በላይኑ ኢንፌክሽን ያዛት፣ ላይኑ ወጣ፣ ሰውነቷ ውሃ እያጠረው ሄደ። እናቷ ሶረል ኪንግ ልጅቷ ውሃ ስታይ እንዴት እንደምትሆን አይታ ደጋግማ ተናገረች። የሚሰማት በጊዜ አልተገኘም። ላይ በላይ ደግሞ መሰጠት ያልነበረበት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 አረፈች። ሆስፒታሉ ጥፋቱን አመነ። እናትየዋ ደግሞ ከተከፈላት ካሳ ከፊሉን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ለታማሚዎች ደኅንነት ሥራ ሰጠች። እንዴት ዓይነት ልብ ቢኖራት ነው እላለሁ። ኢንፌክሽን እንዴት እንደሚገባ ከዚህ ታሪክ መማር ይቻላል፣ እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን በትክክል ያየችው ሰው ማዕረግ ያልነበራት እናት ናት።

አምስቱ ነጥቦች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ወደ ሚሺጋን ግዛት ተወሰዱ፣ ከ100 በላይ አይሲዩዎች ተሳተፉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሲታተም፣ በ1,000 የላይን ቀን በአማካይ 7.7 የነበረው ኢንፌክሽን ከዓመት ተኩል ገደማ በኋላ 1.4 ሆኖ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክፍሎች በሦስት ወር ውስጥ ዜሮ አዩ። ወሬው ተሰማና ሁሉም ሰው «ቼክሊስት» (እየተነበበ ምልክት የሚደረግበት ዝርዝር) ማለት ጀመረ። እንግሊዞችም ተመሳሳይ ዘመቻ አካሄዱ። እዚያም ኢንፌክሽኑ በጣም ቀነሰ፣ ግን ዘመቻው ገና ያልደረሰባቸው ክፍሎችም ጭምር እየቀነሱ ስለነበር ምስጋናው የማን እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ሚሺጋን ላይ የሆነውን መለስ ብለው ያጠኑ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎችም ወረቀቱ ብቻውን እንዳልሠራው ጻፉ። ክፍሎቹ የየራሳቸውን ቁጥር በየጊዜው ያዩ ነበር፣ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፣ የሆስፒታል ኃላፊዎች ወደ አይሲዩ ወርደው ክሎርሄክሲዲን ለምን እንደሌለ ይጠይቁና ያስገዙ ነበር። ቼክሊስቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ደግሞ የተለጠፈ ወረቀት አልቸገረንም።

የሌሊቱን ፈረቃ ላሳያችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ግፊቱ የወደቀ ታማሚ አለ፣ ሴንትራል ላይን አሁኑኑ ያስፈልገዋል። ሬዚደንቱ፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ ያለው ሐኪም፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ነው። ሰፊው መሸፈኛ ጨርቅ ኦቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚጸዳበት ማሽን) ገብቶ አልተመለሰም፣ ያለው መሐሉ ቀዳዳ ያለው ትንሹ ነው። ክሎርሄክሲዲን አልቋል፣ አዮዲን አለ። አጠገቡ የቆመችው ነርስ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ አፍንጫው ከማስኩ በላይ መውጣቱን፣ የመርፌው ጫፍ አልጋውን መንካቱን አይታለች። ምን ትላለች? በዚያች ደቂቃ የሚሆነው ነገር ሁሉ በአስተዳደጋችን ውስጥ ያለ ነው። ታላቅን አትመልሺ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ዶክተር ሲናገር ይሰማል እንጂ አይታረምም። ነገ ጠዋት ራውንድ (ሐኪሞች ታማሚዎችን በየአልጋው የሚያዩበት ዙር) ላይ ሲኒየሩ ፊት ሬዚደንቱ ቢያኮርፋት ማን ከጎኗ ይቆማል? ዝም ትላለች። ሬዚደንቱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሕይወት ለማዳን ነው የሚሯሯጠው። የዚያ ሌሊት ዋጋ የሚታየው ግን ከቀናት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማንም ከዚያች ደቂቃ ጋር አያገናኘውም።

ለዚህ ነው «ሥልጠና እንስጥ» የሚለው መልስ ብቻውን የማያጠግበኝ። ሥልጠናው ላይ ሁላችንም ነበርን። እጅ የሚታጠብባቸውን አምስት ጊዜዎች ጠይቁን፣ በቃላችን እንላቸዋለን። ታማሚን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ ታማሚን ከነኩ በኋላ፣ አካባቢውን ከነኩ በኋላ። የጎደለው እውቀት አይደለም። የጎደለው ዕቃው በቦታው መገኘቱና ከታች ያለው ሰው «ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩ» ሲል ቃሉ የሚከበርለት መሆኑ ነው።

ይሄ በእኛም ባህል ውስጥ ይቻላል። የማውቃቸው አንድ ሲኒየር ሐኪም አሉ። ራውንድ ሲጀምሩ መጀመሪያ «ዛሬ እጄን የምታይልኝ ማን ናት?» ይላሉ። አንዷን ይመርጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ትንሿን። ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፉ ሳኒታይዘር ከረሱ እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው «አመሰግናለሁ» ብለው ያሻሉ፣ ያልፋል። እሳቸው ባሉበት ክፍል ተማሪውም ሬዚደንቱም ቢታረም አያፍርም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚታረሙት እሳቸው ናቸው። አክብሮቱ አልቀነሰም፣ እንዲያውም በዝቷል።

ስለ ጓንት አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ጓንት ሰውን ያዘናጋል። ያደረገው ሰው ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል፤ በዚያው ጓንት የአንዱን ሽንት ከረጢት አራግፎ፣ የሞኒተሩን ቁልፍ ነክቶ፣ ስልኩን አንስቶ፣ የሌላውን መተንፈሻ ቱቦ ይይዛል። ጓንት በዋናነት የጠበቀው ባለሙያውን ነው። ታማሚውን የሚጠብቀው በእያንዳንዱ ሰው መሐል ጓንቱ ሲጣልና እጅ ሲጸዳ ብቻ ነው።

እጅ ማጽዳት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አይሲዩ ውስጥ አንድ ነርስ በሰዓት 20 ጊዜ ያህል እጇን ማጽዳት ያለባት አጋጣሚ ይመጣል። በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። አስሉት፤ ከአንዱ ሰዓት 20 ደቂቃው ሊሄድ ነው፣ ያውም ቧንቧው ቅርብ ከሆነና ውሃ ካለ። ጄኔቫ ውስጥ ዲዲየ ፒቴ የሚባሉ ሐኪምና ቡድናቸው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያደረጉት ይህን ቆጥረው አልኮሉን አልጋው አጠገብ ማድረስ ነበር። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። በሦስት ዓመት እጅ የማጽዳት ልማዱ ከ48 በመቶ ወደ 66 በመቶ ሲወጣ፣ የሆስፒታሉ ኢንፌክሽን ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት ጨዋ አልሆኑም፣ አልኮሉ ግን እጃቸው ሥር መጣላቸው።

ያ አልኮል ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣ ምስጢር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ማንም እንዲቀምመው ይፋ ያደረገው ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን፣ 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የቀረው የፈላ ወይም የተጣራ ውሃ ነው። ግሊሰሪኑ እጅ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። ኢታኖል እኛው አገር ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሸንኮራው ተረፈ ምርት ይወጣል። በኮሮና ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ ሳኒታይዘር ሲቀምሙ አይተናል። ያኔ በየበሩ አልኮል ነበር፤ ባንክ ቤት መግቢያ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ። ዛሬ ባንኩ በር ላይ ባይኖር ግድ የለኝም። አይሲዩ ውስጥ እያንዳንዱ አልጋ እግርጌ አለመኖሩ ግን ይቅርታ የማይደረግለት ነገር ነው። ግዢ ክፍል ያላችሁ፣ የበጀት ፊርማ ያላችሁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ጠርሙሱ ሲያልቅ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሳይሆን በዚያው ፈረቃ እንዲተካ አድርጉ።

አልኮል ሁሉንም አይሠራም፣ ይህም መነገር አለበት። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ካለ ሳሙናና ውሃ የግድ ነው። ክፉ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ በአልኮል አይሞትም። ውሃውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ ያለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከአይሲዩ የታማሚ ክፍሎች ውስጥ የእጅ መታጠቢያዎቹን ጭራሽ ነቅሎ አወጣቸው፣ ምክንያቱም ማፍሰሻው ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ውሃ ሲፈስ ይረጩ ነበር። እኛ የሮቶ ውሃ አለቀ አላለቀ በምንልበት አገር ይህን ማንበብ ግራ ያጋባል። የተረዳሁት ግን ገንዳና ቧንቧ ስለተሠራ ብቻ ክፍሉ ንጹሕ እንደማይሆን ነው፤ ማፍሰሻውም እንደ አልጋው ይታጠባል።

ከዚህ ሁሉ መሐል ስሟ የማይነሳው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አሲኔቶባክተር የሚባል ባክቴሪያ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት በሕይወት መቆየት ይችላል። የአልጋው ብረት፣ የሞኒተሩ ቁልፍ፣ የመጋረጃው ጫፍ። እነዚህን የምታጸዳው እሷ ናት፣ በየቀኑ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ 0.5 በመቶ ይሆናል፣ በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ አለበት፣ ቆሻሻው አስቀድሞ ካልተጠረገ ደግሞ በረኪናው ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ይህን በደንብ የምታውቅ፣ የምትከበር፣ ጓንቷና ቦቲዋ የተሟላላት ሴት ለአይሲዩ ከአንድ ውድ ማሽን አታንስም። ራውንድ ላይ ቆማ «የ3 ቁጥር መጋረጃ አልተቀየረም» ማለት መቻል አለባት።

ኢንፌክሽኑ ከገባ በኋላ ያለውን ነገር ብዙ ሰው ከውጭ ሆኖ ያውቀዋል። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም፣ ሁለተኛውም። ከዚያ ሜሮፔኔም የሚባል ጠንካራ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ እሱም ካልሆነ ኮሊስቲን የሚባለው። ወረቀቱ ለአስታማሚው ይሰጣል። ወንድም ወይም ሚስት ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራሉ፣ ዘመድ ስልክ ይደወልለታል፣ ወርቅ ይሸጣል። ያ ሁሉ ገንዘብ ከ30 ሰከንድ እጅ ማሸት ጋር ሲነጻጸር አንጀት ያሳርራል።

አሁን ለቤተሰብ። በር ላይ ጠባቂው ሲከለክላችሁ የሚሰማችሁን አውቃለሁ። በእኛ አገር ታማሚን አለመጠየቅ ነውር ነው፣ ከክፍለ ሀገር ድረስ የመጡ ዘመዶች አሉ፣ ሰው ሕመምተኛውን ግንባሩን ሳይስም ከሄደ የጠየቀ አይመስለውም። ከመካከላችሁ አንድ ሁለት ሰው ምረጡና እነሱ ይግቡ፤ ሲገቡም ሲወጡም እጃቸውን ያጽዱ፤ ጉንፋን የያዘው ውጭ ይቅር። አልጋው ላይ አይቀመጡ፣ ነጠላቸውን ቱቦው ላይ አይጎትቱ፣ የሽንቱን ከረጢት ወለል ላይ ካዩት ይናገሩ። ጸበል ይዛችሁ መምጣታችሁ ያለ ነው፣ እኔም እምነቱ አለኝ። ግንባሩን ንኩት። መተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰው አፍ ውስጥ ግን ጠብታም አትጨምሩ፣ የሚሄደው ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ሳንባው ነው። ራስጌው ከፍ ብሎ ከሆነ የተኛው፣ «አልተመቸውም» ብላችሁ አታውርዱት፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ የተደረገው ከሆዱ የሚመለሰው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቁ። ሳትቆጡ፣ ሳትሳደቡ፣ ግን ሳትፈሩ። «ሲስተር፣ ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» በሉ። ሴንትራል ላይኑን፣ የሽንት ቱቦውን፣ ሁሉንም። ቱቦ በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽኑ እየቀረበ ነው፣ እና አንዳንድ ጊዜ አንድ ቱቦ ገና ያለው ያስፈልጋል ተብሎ ሳይሆን ይውጣ የሚል ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። «አዎ፣ ግፊቱ ገና በመድኃኒት ነው የቆመው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። «ቆዩ፣ ዶክተሩን ልጠይቅ» ካለቻችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ለእሷም ራውንድ ላይ አፏን የምትከፍትበት ምክንያት ሰጣችኋት። በማግስቱም ጠይቁ።